ግራዝማች የሸኑበት ድንጋይ

ግራዝማች አስናቀ ጨብጥ የያዛቸው ጊዜ «ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» አሉ። አገር ምድሩም አምኖ ሙክት እየጎተተ ጠየቃቸው። በወሩ ሕመሙ ሚስታቸውን ያዛት። ያን ጊዜ ግራዝማች ሦስት ሽማግሎች ሰብስበው «ከማን እንዳመጣችው ትናገር፤ አለዚያ ባዶ እጇን ከቤቴ ትውጣልኝ!» ብለው አፈጠጡባት።

ሴትዮዋ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። «እኔ ከግራዝማች ነው ያመጣሁት፣ እሳቸው ደግሞ ከድንጋዩ። እንግዲህ ድንጋዩ ይጠየቅ» አለች።

«ድንጋይ ደግሞ ምን ብሎ ይመልሳል?» ብለው ግራዝማች ሳቁባት።

«ይሄኛውማ ይናገራል፣ ጌታዬ። ከገበያው በላይ ጠጅ ይሸጣል። ቤቱ ከጠፋዎት ሽማግሎቹ ይመሩዎታል፤ አምና ክረምት፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ሦስቱም የታመሙት እዚያው ሸንተው ነው።»