የዕጣ አምባ የነፃ ማዕድ

አንድ ተጠራጣሪ ነጋዴ ነበር። ስሙ ቢሻው ነው፤ አገሩ ግን «አባ ጠርጥር» ይለዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» የሚለውን ተረት የምር ይዞት፣ ገንፎ በቀረበለት ቁጥር መጀመሪያ በመርፌ ይፈትሸው ነበር። ሲተኛም አንዱን ዓይኑን ይከድንና በሌላው የተከደነውን ይጠብቃል። ጨምሬበት ከሆነ ትንሽ ነው።

ይህ ሰው ከሚስቱ ከማንጠግቦሽ ጋር ቅቤና ማር በበቅሎ ጭኖ ሲነግድ፣ ዕጣ አምባ ከምትባል የቁማር ከተማ ደረሰ። በቅሎዎቹ የባልና ሚስቱ ሀብት ሁሉ ነበሩ፤ እነሱ ከሌሉ ንግድ የለም፣ ንግድ ከሌለ ቤት የለም። ዕጣ አምባ ደግሞ መብራቷ ከመድመቁ የተነሳ፣ ዶሮዎቿ ሁልጊዜ የነጋ እየመሰላቸው ሲጮኹ ድምፃቸው ተዘግቶ በክንፍ ምልክት ብቻ የሚግባቡባት ከተማ ናት። ካዚኖው ሁሉ ከፊቱ ምግብ ቤት አለው። ለእንግዳ ምግቡ በነፃ ነው። መግቢያው በምግብ ቤቱ፣ መውጫው በቁማር አዳራሹ ነው።

«በነፃ የሚያበላ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ አራጅ» አለ ቢሻው፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ።

«ጻድቅ እንዲህ ያለ ጫማ አያደርግም» አለች ማንጠግቦሽ፣ ሊቀበሏቸው የወጡትን የቤቱን እመቤት ተረከዝ እያየች።

እመቤቲቱ ወይዘሮ አስካለች ይባላሉ። እንግዶቻቸውን በፈገግታ አስገቡ። ቢሻው ወንበሩን ገልብጦ አየ። ጠጁን አሳላፊው መዳፉ ላይ አንጠባጥቦ እስኪቀምስለት ጠበቀ፤ ከቀመሰም በኋላ ይሞት እንደሆነ ብሎ ፊት ፊቱን ሲያየው ቆየ። አሳላፊው አልሞተም፤ እንዲያውም ማዛጋት ጀመረ። ወይዘሮ አስካለች ሁሉንም በትዕግሥት አስፈተሹት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው አጠገቡ ተቀመጡና አጎረሱት። ጉርሻው የሕፃን ራስ ያህላል። «ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም» እያሉ ደገሙት፤ ሠለሱት። ማዕዱ ሲነሳ ምንም አልጠየቁም። «መንገዱን ያቅናላችሁ፤ በሩ በዚያ በኩል ነው» አሉ፤ በቃ።

ባልና ሚስቱ በአዳራሹ መሐል ሲያልፉ ማንም ና ተጫወት አላለም፤ እጅጌ የያዘም የለም። ቢሻው ግን እግሩ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ።

«እንዲህ አብልታን፣ አጉርሳን፣ ዝም ብለን ስንወጣ ምን ትለናለች?»

«ሆዳሞች ብትለንስ? ነገ አታየን።»

«አንቺ እቴ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም። ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ ብቻ እጫወታለሁ።»

ካርታውን በመብራት አየ፣ አሸተተ፣ ጥጉን በጥርሱ ነከሰ። ምንም የለበትም። ተጫወተና አሸነፈ። አሁን ይነሳል ስትሉ፣ «የሰው እንጀራ በልቶ ንብረቱንም ጠቅልሎ መሄድማ ዝርፊያ ነው» ብሎ ደገመ። ተሸነፈ። አሁንስ ይነሳል ስትሉ፣ «ብነሳ አኩርፎ ሄደ ይሉኛል» ብሎ ሠለሰ። ከዚያ ወዲያ ማሸነፉም ነውር ሆነበት፣ መሸነፉም ነውር። ዳማዋ በቅሎ ሄደች። ቦራዋ ተከተለች። ግራጫዋ ስትወሰድ ወደ ጌታዋ ዞር ብላ «አይ አንተ ሰው» ብላለች የሚሉ አሉ፤ እኔ በቅሎ ስትናገር ስላልሰማሁ ራሷን ነቀነቀች ብቻ ብዬ ልለፈው።

አንዲት በቅሎ ቀረች። ቢሻው እሷንም ሊያስይዝ አፉን ሲከፍት፣ ማንጠግቦሽ ከመቀነቷ የበሶ ጭብጦ ፈታ ቆረሰችና ዳር ቆመው ወደሚያዩት ወደ እመቤቲቱ ሄደች።

«እትዬ አስካለች፣ አብልተውናል፤ ተራው የኛ ነው። በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ።»

«ጠግቤአለሁ፣ እህቴ።»

«በሞቴ አልኩ እኮ። እጄን አያሳፍሩት።»

ወይዘሮ አስካለች አፋቸውን ገጥመው ወደ ኋላ ሸሹ። የቁማር ቤት እመቤት ከጭብጦ ስትሸሽ ያን ቀን ታየ።

«ምነው? መርዝ መሰለዎት?»

«መርዝስ በተሻለኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ከእጅሽ ከጎረስኩማ በምን ዓይኔ አይቼሽ በቅሎሽን እወስዳለሁ?»

 ቢሻው ይህን ሲሰማ ካርታውን አስቀመጠና ተነሳ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳይል ከበላበት ቤት ወጣ። የቀረችውን በቅሎ እየሳቡ ጥቂት እንደሄዱ፣ ልማድ ነውና፣ «ምን ይሉን ይሆን?» አለ።

«ይበሉን» አለች ማንጠግቦሽ። «በቅሎዋ እንደሆነ ሐሜት አይገባትም።»

እንግዲህ አስቡት። ይህ ሰው ወንበሩን ጠርጥሯል፣ ጠጁን ጠርጥሯል፣ ካርታውን በጥርሱ ሳይቀር ጠርጥሯል፤ ሁሉም ንጹሕ ነበር። ያልጠረጠረው የገዛ ይሉኝታውን ነው፤ የተያዘውም በእሱ ነው። ብልህ አታላይ በክፋታችን በኩል አይመጣም፤ እዚያ ዘበኛ አቁመናል። የሚገባው በጨዋነታችን በር ነው፤ ያ በር ለእንግዳ ሁልጊዜ ክፍት ነውና። ውለታን ማክበር መልካም ነው። ግን የሚያጎርስህ ሰው ካንተ እጅ መጉረስ የሚፈራ ከሆነ፣ ያበላህ ምግብ እንግዳ የተቀበለበት ሳይሆን ወጥመድ ላይ ያኖረው ነው።

እናንተስ፣ ከማን እጅ ጎርሳችሁ ነው እስካሁን መነሳት ያፈራችሁት?