ሽማግሌ በመጣ ቀን የጠፋው አባት

አንድ ዝምተኛ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ልሳነወርቅ ይባላል። ጓደኞቹ «አፉን ወርቅ ስላሉት ሰስቶ አይከፍተውም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አይሰጥም። ሠላሳ ዓመት ያህል ድልድይ ሲሠራና ሲያሠራ ኖረ። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ቀን ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ።

ቀብሩ ለዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። የዕድሩ ዳኛ ብቸኛ ልጁን ፀዳለን ጠርቶ «የአባትሽን የሕይወት ታሪክ አንቺ ጻፊው፤ የምታነቢውም አንቺ ነሽ» አላት።

ፀዳለ ዓርብ በጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጓዳ ገባች። የተወለደበትን ዓመት ጻፈች። የተማረበትን ትምህርት ቤትና ያገባበትን ዓመት ጻፈች። ከዚያ በኋላ እጇ ቆመ። ተነሣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው። ስለ አባቷ ባሰበች ቁጥር ፊቷ ላይ ድቅን የሚለው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ቅዳሜ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ነበር። ቤቱ ተሰናድቶ፣ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ፣ የአባትየው መቀመጫ ባዶ ሆነ። ጠዋት ስልክ ተደውሎለት እንደወጣ አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቀው «አባት በሌለበት ልጅ አንጠይቅም» ብለው ሄዱ። ልሳነወርቅ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል፤ ግንባሩ ቆስሏል።

«የት ነበርክ?» አለችው ፀዳለ።

«ድልድዩ ጋ። ይቅርታ፣ ልጄ።»

«ድልድይ ከእኔ ይበልጥብሃል ማለት ነው?»

አልመለሰላትም። ሽማግሌዎቹ በሌላ ቀን መጡ፤ ሠርጉም ተሠረገ። ፀዳለ ግን ከዚያ ወዲያ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላነጋገረችውም። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች።

አሁን ግን ወረቀቱን ጣል አድርጋ ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ ያን ቀን አባዬ ምን ገጥሞት ነው?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለች እናቷ። «‹እኔ ከተናገርኩ የሌላ ሰው ስም ይነሣል፤ ተይኝ› አለኝ። ተውኩት። አንቺ ትመጪያለሽ በተባለ ቁጥር ግን ሸሚዝ ይቀይር ነበር። አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም» አለች ፀዳለ።

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ከድንኳኑ ትወጣለች፣ ትገባለች። እንዳትደክም የሠጉ ዘመዶቿ «አረፍ በይ እንጂ» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። በዚህ መሐል ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አንዲት የማታውቃት ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አየች። አልጣሽ ትባላለች፤ ቲማቲም ነጋዴ ናት። የመሐንዲሱን መሞት ከሾፌሮች ሰምታ ከሩቅ ነው የመጣችው።

«አባቴን የት ያውቁታል?» አለቻት ፀዳለ።

«ስማቸውን እንኳ ያወቅሁት ኋላ ነው» አለች አልጣሽ። «ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። ወንዙ ሞልቷል። አንድ ሰውዬ ድልድዩ አፍ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ‹አታልፉም› ይላሉ። የምሰሶውን ሥር ውኃ ቦርቡሮታል አሉን። ድልድዩ ግን ስናየው ደህና ነው፤ ማን ይመናቸው? ሾፌሩ ይሳደባል፣ ገበያተኛው ይገፋቸዋል። የእኔ ቲማቲም ፀሐይ ላይ ሊበላሽ ነው። ተናደድኩና ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩ። ግንባራቸውን መታኋቸው።»

ፀዳለ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ደሙን በእጃቸው ጠረጉና ‹እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ› አሉኝ። ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መካከለኛው ምሰሶ ሰመጠ። ድልድዩ ዓይናችን እያየ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ገባ። አንድም ሰው አልነበረበትም። ሦስቱም ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ።»

አልጣሽ ይህን ስትናገር ከጎን አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ባዩ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የድልድይ ሥራ ፎርማን ነው፣ የልሳነወርቅም የልብ ጓደኛ። ሽማግሌ የተላከ ዕለት ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ «ምን ዓይነት አባት ነው?» ካሉት አንዱ ነበር። ተነሥቶ ፀዳለን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰዳት።

«ፀዳልዬ፣ የዚያን ምሰሶ መሠረት ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሆነው። ስድስት ሜትር መውረድ ነበረበት። ውኃ እየገባ ሲያስቸግረኝ አራት ላይ አቆምኩና ‹ስድስት ደርሷል› አልኩት። አመነኝና ፈረመ።»

«አባዬ መቼ አወቀ?»

«ድልድዩ የወደቀ ጊዜ። ሰኞ ጠራኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝና ‹አንተ አልቆፈርክም፤ እኔም አልለካሁም› አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ‹ሳልለካ ፈርሜአለሁ› ብሎ የራሱን ጥፋት ብቻ ጻፈ። ከኃላፊነቱ አንሥተው መዝገብ ቤት አስቀመጡት፤ ይህንንም ለቤቱ ሰው አልነገረም። እኔ ተሸልሜ ጡረታ ወጣሁ። አንቺ ስትኮርፊው አያለሁ፤ ልነግርሽ እነሣለሁ፤ ደግሞ እፈራለሁ።»

ፀዳለ ጀርባዋን ሰጠችው። ትታው ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ወረቀቱ ላይ የባዩን ስም ጻፈች፤ ሰረዘችው። እንደገና ጻፈችው፤ እንደገና ሰረዘችው። «ሬሳው ሊወጣ ነው» ተብላ እስክትጠራ ድረስ ስትጽፍና ስትሰርዝ ቆየች።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ቆማ አነበበች። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ገበያተኞቹ አነበበች። በመጨረሻም «አባቴ ሳይለካ ፈርሟል፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። የሌላ ሰው ስም ግን አላነሣም፤ እኔም አላነሣም» አለች።

ይህን ስትል ባዩ ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ መካከል ወጥቶ ወደ ፊት መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ያልተነሣው ስም የእኔ ነው» አለ።

የሠራውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ የገዛ ልጁ አንገቱን ደፋ። ፀዳለ ግን ሄዳ ክንዱን ያዘችው። ከዚያም ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ መምጣቷን እየሰማ፣ ሸሚዝ እየቀየረ የጠበቃት ሰው አሁን አይመልስላትም። ባዩ ከተናገረ በኋላ ቀለል ያለው መሰለ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አላረፈችም ይባላል።

ዝም የሚል ሰው ሁሉ የሚናገረው ያጣ አይደለም። አንዳንዱ ዝም የሚለው ሌላውን ሸፍኖ ነው፤ የቤቱ ሰው ፊት ሲነሣውም ችሎ ይኖራል። ስለዚህ በዝምታው የተሸፈነ ሰው፣ የሸፈነው ሰው ሳይሞት ይናገርለት። የተቀየመም ሰው ከመፍረዱ በፊት ምክንያቱን ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣም ደግሞ ይጠይቅ።

እናንተስ ምን እንደገጠመው ሳትጠይቁ ያኮረፋችሁት ሰው አለ? ዛሬ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ?