ፀሐይ ኩፍኝ የያዛት ሰሞን

አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ ከገባ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጅሩ ውስጥ ወይራ አምባ በምትባል መንደር፣ ቦጋለ የሚባል ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያይ ነበር። ጤፉ ደርሷል። መድረስ ብቻም አይደለም፣ አንገቱን ደፍቶ «ምን ትጠብቃለህ?» እያለው ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ እፍኝ የማታህል ደመና ብቅ ብላለች። በታኅሣሥ ደመና! የደረሰ ጤፍ ላይ ዝናብ ሲጥልበት ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም፤ ይተኛል፣ ይረግፋል፣ የቀረውም እዚያው በተኛበት ይበቅላል። የቦጋለ ቤት የዓመት እንጀራ ያ ማሳ ነው። ሌላ የለውም።

ወንፈል እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ዐሥር ሆነው ይማማላሉ፤ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን አጭደው፣ ከምረው፣ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የዘጠኙ አልቋል። ቦጋለ በዕጣ መጨረሻ ወጥቶ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ሚስቱ ወይንሐረግ ጠላውን ጠምቃ፣ ለንፍሮው ስንዴና ባቄላ ነክራ ጨርሳለች። አሁን የሚጎድለው ሰው ብቻ ነው።

ሰዉን ሊያጎድሉ የተነሡት መምህር ነቅዓጥበብ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አባታቸው መሬት የተመለሱ ሰው ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ላም ወተት ብትቀንስ ምክንያቱን ያውቃሉ፣ ዶሮ ብትነጥፍ ያውቃሉ። እውቀታቸውን ለማንም አይነፍጉም፤ የሚነፍጉት ጠላ ነው። በእሳቸው የወንፈል ቀን የቀረበው ጠላ ከመቅጠኑ የተነሣ የጣሳው ቂጥ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ግን ማን ይናገራቸዋል? ከወንፈለኞቹ አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ናቸው። ልጅ የዳረ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው እሳቸው ሲመጡ ዛሬም እጁን ከኪሱ ያወጣል። ቦጋለም ያው ነው፤ አራተኛ ክፍል ሳለ የቀመሳት አለንጋ ዝናብ ባረገዘ ቀን አሁንም ትቆጠቁጠዋለች።

በዚያ ሰሞን መምህር ወታደር ከነበረ ወንድማቸው የወረሱትን፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ የሩቅ ማያ መነጽር ከግንድ ጋር አስረው፣ የፀሐይን ብርሃን በመነጽሩ እያሳለፉ ነጭ ጋቢ ላይ መጣል ጀምረው ነበር። ፀሐይን በዓይን ማየት ያሳውራል ብለው ነው፤ እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ጋቢው ላይ ድቡልቡል ብርሃን ያርፋል፤ ብርሃኑ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል። መምህር ጠዋት ጠዋት እሱን ይቆጥራሉ።

ረቡዕ ጠዋት ወንፈለኞቹን በሙሉ ግቢያቸው አስጠሩ።

«ይኸውላችሁ» አሉ በቀጭን ዘንግ ጋቢውን እያመለከቱ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠኝ! ዘጠኝ ነጠብጣብ። ይህ በየአሥራ አንድ ዓመቱ እየበዛ የሚመጣ ነው። ነጠብጣቡ ሲበዛ ከፀሐይ ብርቱ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ረቂቅ ጨረር ጠርጎ ይመልሰዋል። ጨረሩ ከተመለሰ ደመና ዘር አጣ ማለት ነው። ዘር ያላገኘ ደመና ምን ይሆናል?»

«አይበቅልም፣ መምህር!» አሉ ሰዎቹ በአንድ ድምፅ፣ ልክ እንደ ድሮው።

«ጎበዞች። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ጠብ የሚል ነገር የለም። የሚያስቸኩልም የለም። ይልቅስ ነገ ሐሙስ የፀሐይ ማዕበል ምድር ይደርሳል። ያን ዕለት ብረት የያዘ ሰው ሜዳ ላይ ባይገኝ ይመረጣል። ማጭድ ደግሞ ብረት ነው። የቦጋለ አጨዳ ለወሩ ይተላለፍ።»

ይህን ተናግረው አፋቸውን ሳይገጥሙ አንደኛው ነጠብጣብ ከጋቢው ላይ ተስፈንጥሮ የወንፈሉ ዳኛ፣ የአያ ሞላልኝ ጉልበት ላይ አረፈ።

«ፈነዳ!» ብለው ጮኹ መምህር። «አያችሁ አይደል? በዓይናችሁ አያችሁ! እንዲህ ነው የሚወረውረው!»

ስምንቱ የፀሐይ ይሁኑ አይሁኑ እኔ አላውቅም፤ ዘጠነኛው ግን ቁንጫ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ አይተውታል። ወይራ አምባ ውስጥ ቁንጫን ከሩቅ የማይለይ ሰው አልተወለደም። ነገር ግን አስተማሪህን ሰው ፊት «ጋቢዎ ቁንጫ አለበት» ትለዋለህ? ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። አያ ሞላልኝ ጉልበታቸውን በቀስታ ፈተግ ፈተግ አደረጉና ወደ ሰማይ አዩ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ቦጋለ ከንፈሩን ነከሰ። የዓመት ቀለቡ በቁንጫ ምክንያት ሊጠፋ ነው፣ እሱ ደግሞ «ቁንጫ» የምትለውን ቃል ከአፉ ማውጣት አልቻለም። በጣም ተናደደ።

ቢሆንም ዝም አላለም። «መምህር» አለ ቆቡን አውልቆ፤ «ይህን የነጠብጣብ ነገር ሊቃውንቱ ሁሉ ተስማምተውበታል?»

«ገና እየተከራከሩ ነው። አንዳንዱ ፀሐይ የምድርን ዝናብ በጥቂቱ ትነካካዋለች ይላል፤ ሌላው ከቁጥር የሚገባ አይደለም ይላል። ሳይንስ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ እነሱ ተከራክረው እስኪጨርሱ የእኔ ጤፍ ቆሞ ይጠብቃቸው?»

«አትቸኩል። ድሮም ክፍል ውስጥ ስትቸኩል ነበር የምትሳሳተው።»

ሰው ሳቀ። ቦጋለ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«የእርስዎ ማሳ የታጨደ ዕለትስ? ያን ቀን ነጠብጣብ አልነበረባትም?»

«ነበረባት» አሉ መምህር ሳያቅማሙ። «ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ትንሽ።»

እዚህ ላይ አያ ሞላልኝ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። አያ ሞላልኝ ፊደል አልቆጠሩም፤ የወንፈል ሕግ ግን አንድ በአንድ ያውቃሉ። ከሕጉ ውጭ የመጣ እንደሆነ የራሳቸውን ወንድም አይምሩም።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ የሰማዩን ለእርስዎ ትቻለሁ» አሉ። «የወንፈሉን ግን እኔ ልጠይቅ። ከወንፈል የሚያስቀሩ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ለቅሶ፣ ሕመምና ምጥ። አራተኛ የለም። የእርስዎ ከየትኛው ይመደብልን?»

መምህር አሰቡ። የሞተ ሰው የለም። እትዬ ዘነበወርቅ፣ ባለቤታቸው፣ ስድሳን ተሻግረዋል፤ ምጥ የማይታሰብ ነው።

«ከሕመም» አሉ በመጨረሻ።

«የማን ሕመም?»

«የፀሐይ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ያስገርማል?» አሉ መምህር። «ሰውነቷ ላይ ወጥቶባታል፤ አይታችኋል። ትኩሳቷ ጨምሯል። ታስላለች፤ ስታስል እዚህ ድረስ ይፈናጠራል። ለእናንተ ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ፤ እንደ ኩፍኝ ያለ ነገር ነው የያዛት።»

አያ ሞላልኝ ጢማቸውን ዳሰሱ። ነገሩ አልጣማቸውም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

«በመሐላችን ላይ ሕመም ተብሏል እንጂ የሰው ሕመም አልተባለም» አሉ። «አምና ሽፈራው በሬዬ ታመመ ብሎ ሲቀር ተቀብለናል። የበሬን ሕመም የተቀበለ ወንፈል የፀሐይን ሕመም በምን አፉ ይመልሳል? ቦጋለ፣ የምትለው ካለህ አሁን በል፤ ከፈረድኩ በኋላ አልሰማህም።»

ቦጋለ ወደ ምሥራቅ ዞረ። እፍኝ የማታህለው ደመና ቁና አክላለች። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ግን ምን ብሎ ይናገር? ሐሰት ነው ቢል መምህሩን ደፈረ፣ ሰው ሁሉ ይከፋዋል። ቁንጫ ነው ቢል ይብሳል። ቆቡን በእጁ አዟዟረ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ሰዎቹን የገረማቸውም እሱ ነው።

«አያ ሞላልኝ፣ እኔ ሕመሙን አምኛለሁ» አለ። «እግዜር ይማራት።»

«አሜን» አሉ ሰዎቹ፣ ሳያስቡት።

«ብቻ አንድ ነገር አሳፈረኝ። ወይራ አምባ ውስጥ፣ ጎረቤት መታመሙን ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አይተን እናውቃለን?»

«አናውቅም» አሉ አያ ሞላልኝ።

«የተጣላን ቢሆንስ?»

«የተጣላም ይጠየቃል። መሬት የተካሰስኩት ሰው ሲታመም ሙክት አሲዤ ሄጃለሁ።»

«እሷ ደግሞ ከማናችንም አልተጣላች። እህላችንን ስታበስል፣ ጭራሯችንን ስታደርቅ፣ አራሶቻችንን ስታሞቅ ኖራ፣ ዛሬ ወጣባት ሲሉን በራችንን ዘግተን ልንተኛ ነው? እኔ ነውር ነው እላለሁ። ነገ ሐሙስ በማለዳ ሁላችንም ሄደን እንጠይቃት። ገብታ የምትተኛበት ቤት የላትም፤ በዚህ አገር ደግሞ አንድ ዛፍ ሳይጋርዳት ከጠዋት እስከ ማታ የምትውልበት ቦታ የእኔ ማሳ ብቻ ነው። እዚያው እንዋል። ለጠያቂ የሚሆን ጠላና ንፍሮ ወይንሐረግ አዘጋጅታለች። ታማሚን ደግሞ እጅ አጣጥፎ ቀኑን ሙሉ ትክ ብሎ ማየት ያስጨንቃታል። እጃችሁን የምታፍታቱበት ማጭድ ብትይዙ መልካም ነው።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፍርድ ነው» አሉ አያ ሞላልኝ። «ታማሚ ይጠየቃል። ማንም አይቀርም።»

መምህር ነቅዓጥበብ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ቆይ እንጂ! ማዕበሉስ? አደጋው? ሜዳ ላይ ፊት ለፊቷ ቆማችሁ ምን ልትሆኑ ነው?»

«ምንም አንሆንም፣ መምህር» አለ ቦጋለ፣ አሁንም ቆቡን እንዳወለቀ፣ በትሕትና። «ኩፍኝ በልጅነቱ የወጣለት ሰው ዳግመኛ አይያዝም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እኛ ሁላችንም ወጥቶልናል።»

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የተሳቀውን ሳቅ መንገር አይቻልም። አያ ሞላልኝ ምርኩዛቸውን ጥለው ጉልበታቸውን ያዙ፤ ቁንጫውም በዚያው ሳያመልጥ አልቀረም።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ስምንት ሰው ማጭድ ይዞ ማሳው ላይ ተገኘ። ዘጠነኛው መምህር ዘግይተው ደረሱ። ሊቀሩ ነበር፤ እትዬ ዘነበወርቅ ናቸው «አገር ምድሩ ሊጠይቃት ሲወጣ፣ መታመሟን ያወሩት እርስዎ ሊቀሩ? ሰው ፊት በምን ዓይኔ ልውጣ!» ብለው ማጭዱን በእጃቸው ያስያዟቸው። አጎንብሰው ገቡ። ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ሲያጭዱ ጎበዝ ናቸው። ጠላውም ወፍራም ነበር፤ መምህር ሦስት ጊዜ አስደገሙ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ወጣ፣ ክምሩም ተከደነ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ምዕራብ ዞሩና፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ «በይ እንግዲህ፣ እግዜር ይማርሽ» ብለዋት ወደየቤታቸው ገቡ። ቦጋለ ክምሩን በእጁ መታ መታ አደረገው፤ ከደስታው ብዛት ዕንባው መጣ።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ ወረደ። እንዲያ ያለ የታኅሣሥ ዝናብ ሽማግሌ አያስታውስም። ቦጋለ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃው በተከደነው ክምር ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ በደስታ እያየ ሳለ፣ መምህር ነቅዓጥበብ ጃንጥላ ዘርግተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በደጁ አለፉ። ወደ ሰማይ አንጋጠው በንዴት ያጉረመርማሉ።

«ሦስት ሳምንት ነበር የቀራት! ዘጠኝ ነጠብጣብ በዓይኔ ቆጥሬ! ይህ ውሃ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው?»

«አይፍረዱባት፣ መምህር» አለ ቦጋለ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ኩፍኝ የለቀቀው ሰው መጀመሪያ ገላውን ይታጠባል።»