የለማኝ ዕቃ

በአንዲት ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየተየበች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው፤ የሚያሠራው ፕሮግራም ግን ሊኑክስ የሚባለው ስለሆነ በቫይረስ ታሞባት አያውቅም።

አንድ ቀን የከተማዋ ትልቅ ሹም አቶ ልሳነወርቅ ፍላሽ ይዘው ከተፍ አሉ። የቢሯቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ቫይረስ ጨርሷቸው፣ ስብሰባ ላይ የሚያነቡትን ንግግር የሚያትሙበት አጥተው ነበር። ሴትዮዋ ንግግሩን ከፍታ ወደ ማተሚያው ስትልክ ስክሪኑን አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሊኑክስ ነው ጌታዬ። ሠሪዎቹ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ።»

«የለማኝ ዕቃ ነው በይኛ!» አሉ፣ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ እንዲሰማ። «ዛሬውኑ አጥፊውና የኛ ቢሮ የሚሠራበትን ፕሮግራም ጫኚ፤ አለዚያ ከዚህ በር አስነሳሻለሁ። የኛው እንደሆነ ዋጋው አይቀመስም!»

«እርስዎ በስንት ገዙት ጌታዬ?»

«ማን ይገዛዋል! አንድ ጎበዝ የፕሮግራሙን ቁልፍ ሰብሮ ጫነልን እንጂ።»

ሴትዮዋ የታተመውን ንግግር በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እንግዲያው እኔ ለማኝ ሆኜ ልቅር ጌታዬ። ለማኝ እንኳ የሚወስደው የሰጡትን ነው።»