ችካል ያጣችው ላም

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ላሞቹ ወንዝ ወርደው ሲጠጡ ወንዙ ቀጥ ይላል፤ ዓሣው ሁሉ እያሳለ ደረቅ ላይ ይወጣል። በዚያ አገር ከብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ አይበረክትም ይባላል። ስለዚህ ባለጠጋው ጥጃ በተወለደችለት ቁጥር አንድ ችካል ይተክላል፤ ላም ስትሞትበት አንዱን ይነቅላል። «ችካል የሌላት ላም የለችኝም፤ ላም የሌለውም ችካል የለኝም» እያለ በየሸንጎው ይመጻደቅ ነበር።

ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት ቀይ ላም ናት፤ ልጆቿ እህል ቀምሰው የሚያድሩት በእሷ ወተት ነው። አንድ ቀን ይህች ላም ከባለጠጋው መንጋ ተቀላቅላ በረቱ ገባች።

ባልቴቷ ሮጣ ደርሳ፣ «ጌታዬ፣ ያቺ እኮ የኔ ናት» ብትለው ሳቀባት።

«የኔ ላሞች ሁሉ ቀይ ናቸው፣ አንቺ ሴትዮ! ቀይ ባየሽ ቁጥር የኔ ልትዪ ነው?»

ምስክር የላትም። ለልጆቿ ስትል የአገሩን ሽማግሌ ይዛ ተመለሰች።

ሽማግሌውም፣ «ላሞችህ ሁሉ ገብተዋል?» አለው።

«አንዲትም አልቀረች።»

«እያንዳንዷ ችካል አላት?»

«ምን ጥያቄ ነው! አገር ያውቀው የለም እንዴ?»

«እንግዲያው በየችካሉ አንዳንድ እሰር።»

ባለጠጋው በሆዱ ሳቀ። ፈጠን ብሎ የባልቴቷን ላም ከመጀመሪያው ችካል ጠፍሮ አሰራት። ከዚያ ሲያስር፣ ሲያስር፣ ሲጀምር ጥቁር የነበረው ጢሙ ሸበተ። ችካሉ ሲያልቅ ግን አንዲት ላም ተረፈች፤ ግቷ መሬት የሚጠርግ፣ የበረቱ እመቤት። ባልቴቷ ቀርባ አየቻት። የእሷ አይደለችም።

ሽማግሌው ባለጠጋውን፣ «ችካል የሌላት ላም የለችኝም ብለሃል» አለው፤ ወደ ባልቴቷም ዞሮ፣ «በይ ልጄ፣ ይቺን ንጂና ሂጂ» አላት።

«አባቴ፣ ይቺ እኮ...» ብላ ሳትጨርስ ባለጠጋው ዘሎ መሐል ገባ።

«ኧረ በሕግ! ይቺማ የኔ ናት! የእሷ ያቺ፣ መጀመሪያ ያሰርኳት ናት!»

ባልቴቷ ላሟን ፈትታ ነዳች።

አንተም፣ ልጄ፣ «የኔታ፣ ማስረጃችንን በ‹ሁሉ› እና በ‹አንዳንድ› እያቆምን ስንከራከር ኖረናል፤ ‹ይበልጣል› ማለትስ ማስረጃ ይሆናል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ይሆናል እንጂ! የባለጠጋው ላሞች ሁሉ በበረቱ አሉ፤ በበረቱ ያሉት ላሞች ከባለጠጋው ላሞች ይበልጣሉ፤ እንግዲህ በበረቱ የሰው ላም አለች። ለዚህ አንዲት እንኳ አልቆጠርንም፤ አንዱን ካንዱ አሰርን እንጂ። አንተም ሙግት ሲገጥምህ እንዲሁ እሰር፤ የተረፈ ካለ የሰው ነገር ገብቷል በል፣ አትፍራ። የቷ ናት ብትለኝ ግን ብልጫ ይህን አይናገርም። ባለጠጋውን ያናገረው ስስት ነው።