የቀላችው ቫልቭ

አንድ ጊታር መቺ ነበረ። ቆይ፣ አትቁነጥነጥ ይልቃል፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እህታችን ወይንሸት አባታችንን ታስታምማለች፤ ልንጠይቅ ስንሄድ ግን ትጮኽብናለች፣ በሩን ጓ አድርጋ ትዘጋለች። ከእጇ አውጥተን ሌላ አስታማሚ ብንቀጥርላቸው ኃጢአት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጊታር መቺውን ስማ።

ይህ ሰው የኖረው ድሬዳዋ ነው። ሰርግ ላይ፣ ምረቃ ላይ፣ በሆቴል ግቢ ውስጥ ይጫወታል። ጊታሩ ደህና ጊታር ነው፤ የሚኮራው ግን በአምፕሊፋየሩ ነበር። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላለት ያ የድሮ ሣጥን፣ ሰው እያማረረ የሚያነሣው ከባድ ዕቃ። አዲሶቹ ሣጥኖች ቀለል ያሉ ናቸው፤ የእሱ ግን በጀርባው ሁለት ቫልቭ ነበረው። ቫልቭ የአምፖል ዘመድ ናት፤ አውራ ጣት የምታህል መስታወት፣ ውስጧ ብረት ያለባት፣ ስትሞቅ የምትሠራ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተተክለው ሥራውን እኩል ይካፈላሉ። ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ብሎ የሚወጣው በእነሱ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ከባንድ ጋር ሳክስፎን ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ድምፅ የለመደ ጆሮ ሌላ አይጥመውም።

ችግሩ፣ ቫልቭ ገበያ ወጥተህ እንደ ሽንኩርት የምትገዛው ዕቃ አይደለም። ሰውየው ሁለት መለዋወጫ ነበሩት፤ ከውጭ የመጣ ዘመዱ በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣለት። እነዚያ ካለቁ ሣጥኑ የአበባ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲለማመድ ድምፁ ሻከረበት። ዞሮ ከጀርባ አየ። የግራዋ ቫልቭ ደብዘዝ ያለ ብርቱካንማ ብርሃን ይታይባታል፤ ጸጥ ያለች፣ ጨዋ። የቀኟ ግን ውስጧ ያለው ብረት እንደ ፍም ቀልቷል። «አሃ! ነገረኛዋ አንቺ ነሽ!» አላት። ሣጥኑን አጠፋ፤ እስክትበርድ ጠብቆ ነቀላትና በንዴት ግቢው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ወረወራት። ብትንትኗ ወጣ። በቦታዋ ከመለዋወጫዎቹ አንዷን ተከለ። ግራዋን አልነካትም። እንዲያውም መስታወቷን በጨርቅ ወለወለላት።

ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አዲሷም ቀላች። ሰውየው «ይሄ የድሬ ሙቀት ነው» ብሎ ከሣጥኑ ጀርባ ቬንትሌተር አቆመ። ቀላች። «መብራቱ ነው፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል» ብሎ ከጎረቤት ስታብላይዘር ተዋሰ። አሁንም ቀላች። በመጨረሻ ምን ቀረው፣ «የማይረባ ዕቃ አመጣልኝ» እያለ ያንን ምስኪን ዘመዱን ማማት ጀመረ። ቫልቭዋን ነቀላትና መሳቢያ ውስጥ ጣላት፤ ይቺን እንኳ ስላልሰበራት እግዜር ይስጠው። የመጨረሻዋን ተከለ።

እሑድ የከበሮ መቺው ጓደኛው ልጅ ሰርግ ነበር። ልጅቷ ገና ስትድህ «የሰርግሽ ቀን እኔ ነኝ የምጫወትልሽ» ብሎ ቃል ገብቶላታል፤ እሷም አልረሳችም። ሐሙስ ጠዋት ሣጥኑን ሊሞክር አበራው። አንድ ዘፈን ሳይጨርስ የመጨረሻዋ ቫልቭ መቅላት ጀመረች። ሰውየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ይቺ ከተቃጠለች ሌላ የለም፤ ሰርጉም የለም፤ ያ ድምፅም ከዚያ በኋላ የለም። ቶሎ አጠፋውና በባጃጅ ጭኖ አንድ የታወቀ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ።

ጠጋኙ ወሬ የማያበዛ ሽማግሌ ነው። ወሬውን ሰውየው ብቻውን ተወጣው፤ የመጀመሪያዋ ቫልቭ እንዴት እንደ ቀላች፣ ሁለተኛዋ እንዴት እንደ ባሰባት፣ ሦስት ነገረኛ በተከታታይ እንዴት እንደ ደረሰበት። ሽማግሌው ሰማው፣ ሰማውና፣

«አቦ፣ ግራዋስ?» አለው።

«እሷማ ምንጊዜም ሰላም ናት። አንድ ቀን ቀልታ አታውቅም።»

«ተቀይራስ ታውቃለች?»

«ለምን እቀይራታለሁ? ምን አጠፋች?»

ሽማግሌው ሣጥኑን አብርቶ «ምታ» አለው። መታ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ቀኟ ቀስ በቀስ መቅላት ያዘች። ሽማግሌው አጠፋና እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ በጨርቅ ያዘና ነቀለ፤ የነቀለው ግን ግራዋን ነበር።

«ኧረ እሷን አይደለም!» ብሎ ሰውየው ብድግ አለ።

ሽማግሌው ቫልቭዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሣጥኑን መልሶ አበራ። «አሁን ምታ።»

መታ። ድምፁ ያው ነው። ሰውየው ደግሞ መታ፤ ጆሮውን ወደ ሣጥኑ አስጠግቶ የጎደለውን ነገር ፈለገ። ምንም የጎደለ የለም። ያኔ ገባው፤ እጁም ከክሮቹ ላይ ወረደ።

«ይቺ ሥራ ካቆመች ቆይታለች» አለ ሽማግሌው ሣጥኑን እያጠፋ። «መብራቷ ብቻ ነው የቀረው። የሁለቱን ሸክም ብቻዋን ስትሸከም ነው ቀኟ የምትቀላው። ማንንም ብታመጣ እዚያ ቦታ ላይ ትቀላለች።»

ሰውየው «የመጀመሪያዋ ደህና ነበረች ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የት አለች?»

«ሰበርኳት።»

ሽማግሌው ከንፈሩን መጠጠ። «ከሦስቱ ጠንካራዋ እሷ ነበረች። አንተ ሳታውቅላት ስንት ጊዜ ብቻዋን ተሸክማለች።» ሰውየው አፈረ፤ ዕቃ ነው ብሎ እንኳ ራሱን ማጽናናት አልቻለም።

ቤቱ ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ የጣላትን አመጣ። ሽማግሌው ለካትና ደክማለች እንጂ አልሞተችም አለ። እሷን በግራ፣ የመጨረሻዋን በቀኝ ተከለ፤ እያንዳንዷ የምትሸከመውን በመለኪያ እያየ አመጣጠናቸው። ሲበራ አንዷም አልቀላችም፤ ድምፁም እንደ ድሮው ወፍሮ ወጣ። ሰውየው እሑድ ለሙሽራይቱ ተጫወተላት። ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ከመቃኘቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ቫልቮች ያያል፤ በየጥቂት ወሩም ሁለቱንም ያስለካል። አንዷ ቀልታ ባየ ጊዜ መጀመሪያ የሚመረምረው ጎረቤቷን ነው። የሰበራት ግን ተሰብራ ቀረች።

በል እንግዲህ ይልቃል፣ ወዳንተ ልምጣ። ወይንሸት ቀልታለች ብለኸኛል። እውነትህን ነው፤ እኔም አይቻታለሁ። አባትህን አራት ዓመት ሙሉ የምታነሣው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው እሷ ናት። አንተ በዓል ሲመጣ ብርቱካን ይዘህ ብቅ ትላለህ፤ ፈገግ ትላለህ፤ ድምፅህ ከፍ ብሎ አያውቅም። መንደሩ ሁሉ «ይልቃል እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። እኔም ስል ነበር። ልጄ፣ የግራዋ ቫልቭ አንተ ነህ።

በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ብትቀጥር የተቀጠረውም በስድስት ወሩ ይቀላል፤ ያኔ ደግሞ ስለሱ ልትጠይቀኝ ትመጣለህ። እህትህ ገና አልተሰበረችም፤ ዕድለኛ ነህ። አሁን ዛሬ ማታ ቁጭ በልና አስብ፤ አንተን ከዚያ ቤት ቢነቅሉህ ምን ይጎድላል? ነገ ጠዋት አባትህን ማን እንደሚያጥበው መጥተህ ንገረኝ፤ ስለ ኃጢአቱ ያኔ እናወራለን።