ውሃ የጠጣ አክርማ

ተረት ተረት ብዬ ስጀምር «የመሠረት» የሚለኝ ልጅ ቀረብ ይበል። የሚያንቀላፋውም ከግድግዳው ተጠግቶ ይተኛ፤ አልቀየመውም። የዛሬው ተረት ስለ እንቅልፍም ጭምር ነው።

በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። የምትሰፋው በእመት አስካለች ቤት ነው። እዚያ ቤት ሃያ ሴቶች ሃያ መሶብ ይሰፋሉ፤ ሃያውም በእመት አስካለች ጌጥ ነው የሚያልቀው። ትርንጎ ግን በልቧ የራሷ ጌጥ ነበራት። አንድ ቀን ወስፌዋን በመቀነቷ ሸጉጣ ወጣች። እመት አስካለች ከደጃፋቸው ቆመው፣ «ሦስት ወር አይሞላሽም፣ ደጄን ስትጠኚ አገኝሻለሁ» አሏት።

ትርንጎ ከገበያው ዳር፣ ከአንድ ዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ለመጣው ሁሉ «እሺ» አለች። ሰፌድ? እሺ። ሙዳይ? እሺ። ለነገ? እሺ። እንቢ ካልኩ ነገ የሚመጣ የለም ብላ ፈራች።

በዚህ መሃል የአገሩ ጭቃ ሹም የሴት ልጃቸውን የሠርግ መሶብ አዘዟት። ለሠርጉ ካላደረስሽ በዚህ ገበያ ወስፌ አትይዢም አሏት። ትርንጎ መስፋት ጀመረች። መሶቡ ወገቡ ላይ ሲደርስ ጭቃ ሹሙ መጥተው ቀይ አለላ ይብዛበት አሉ። ፈታችው፤ እንደገና ሰፋችው። ወገቡ ላይ ሲደርስ ሚስታቸው መጥተው ቀዩ ዓይን ይወጋል፣ አረንጓዴ ይሁን አሉ። ፈታችው፤ እንደገና ሰፋችው። ወገቡ ላይ ሲደርስ የጭቃ ሹሙ እናት መጥተው በእኔ ጊዜ መሶብ ነጭ ነበር አሉ። ፈታችው።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ደከመች። አክርማዋን ማታ ማታ መንከር ተወች፤ ጊዜ ከየት ይመጣል? የስፌት ሣር እኮ፣ ልጆች፣ ውሃ ጠጥቶ ካላደረ አይታዘዝም። በደረቁ ስትጠመዝዘው ቀጭ አለ። ሌላ አነሳች፤ ቀጭ አለ። ሦስተኛውም ቀጭ ሲል ወስፌው መዳፏን ወጋት። አለቀሰች። ሣሩን አልወቀሰችም፤ የወቀሰችው እጇን ነው። «ድሮም የሰው ጌጥ ነበር የምሰፋው። እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። አክርማውን ከገበያው በታች ካለው ወንዝ ዳር፣ ኩሬ ውስጥ ወረወረችው። ወደ እመት አስካለች ልትመለስ ጓዟን ሸከፈችና፣ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ ብላ ጋደም አለች።

ትንሽ ያለችው እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ሆነ።

ስትነቃ ባዶ እጇን ደጅ መጥናት አሳፈራትና አክርማውን ልታወጣ ወረደች። አንዱን በጣቷ ጠቀለለችው። አልተሰበረም። ሁለተኛ ዙር፤ አልተሰበረም። ሦስተኛ ዙር፤ እንደ ክር ታዘዘ። ትርንጎ ብቻዋን ሳቀች። «ለካ የደረቀው ሣሩ ብቻ አይደለም። እኔም ደርቄ ኖሯል» አለች። ጓዟን መልሳ ፈታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አክርማዋን ልትነክር፣ አክርማው ውሃ ሲጠጣም እሷ ልታርፍ ማለች።

በማግስቱ ጭቃ ሹሙ፣ ሚስታቸውና እናታቸው ባንድነት መጡ። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትርንጎ ወስፌውን ከፊታቸው አስቀመጠች።

«የሦስታችሁም ቃል ይከብደኛል። በአንድ አፍ የነገራችሁኝ ቀን እጀምራለሁ፤ እስከዚያ ወስፌው አይነሳም» አለቻቸው።

ጭቃ ሹሙ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚስታቸው ቀደሟቸው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሲባባሉ አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው ቀንም አለፈ። በሦስተኛው አሮጊቷ ሰለቻቸውና፣ «ልጄ፣ እኛ መብላት እንጂ መስፋት አናውቅም። የልብሽን ስፊ» አሏት። ትርንጎም የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

ወሬው እመት አስካለች ጆሮ ገባ። ያቺ ገና መጀመሯ ነው፣ እኔ በሦስት ቀን አደርሳለሁ ብለው ላኩ። ጭቃ ሹሙም ለክፉም ለደጉም ብለው እሺ አሉ። እመት አስካለች ሴቶቹን ሁሉ እያፈራረቁ፣ እንቅልፍ ነሥተው፣ አክርማውን በደረቁ አሰፉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ልቧ ፍጠኚ፣ ፍጠኚ አላት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን አክርማዋን ነከረችና ተኛች።

የሠርጉ ቀን ሁለት መሶብ ቀረበ። የእመት አስካለች ያብረቀርቃል፤ ለሙሽራው አባት እሱ ተመረጠ። እንጀራው ተከምሮበት አሳላፊዎቹ ብድግ ሲያደርጉት ወገቡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። እንጀራው በሙሽራው አባት ጭን ላይ ተዘረገፈ። እመት አስካለች ነጠላቸውን ተከናንበው በጓሮ በኩል ወጡ። የትርንጎ መሶብ ተተካ። ማንም ያላዘዘው ቢጫ አለላ እንደ አደይ ፈክቶበታል። እስኪመሽ ሲያነሱት ሲያወርዱት ዋሉ፤ አንዲት አክርማ አልተፈታችም።

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።

በሳምንቱ ከእመት አስካለች ሴቶች ሰባቱ ወስፌያቸውን ይዘው ከዋንዛው ሥር መጡ። ትርንጎ መጀመሪያ ምን ያዘዘቻቸው ይመስላችኋል? አክርማውን ነክረው እንዲተኙ።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ነክሬዋለሁ። ተኙበት፤ ጠዋት ይለሰልሳል።